መተርኮሻ አይደለም!

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረጅም ነው፤ ትንሽ ቁጣም አለበት። ቡና ያልጠጣ ጠጥቶ ይመለስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የአጎቱን አሮጌ ቤዝ ጊታር ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። አጎትየው አርፈዋል፤ ጊታሩ የተገኘው ከአልጋ ሥር ነው። ክሮቹ ዝገዋል፣ ቀለሙ ተላልጧል፣ ሁለቱ የክሮም ክዳኖች ግን በቦታቸው አሉ፤ አንዱ መሀል ላይ ፒክአፑን የሸፈነው፣ ሌላው ከታች ብሪጁን የሸፈነው። ልጁ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እነዚህን ነገሮች ላውልቃቸው ወይስ ይቀመጡ?»

መልሱ ጎረፈ። «አውልቀህ ጣል!» «ይሄ እኮ የሲጋራ መተርኮሻ ነው ሃሃሃ» «የቮልስ ፓራውልት ነው የሚመስለው» «ከሱ ጋር መጫወት አይቻልም፣ ጊዜህን አታቃጥል»። አንድም ሰው «ለምን ተሠራ?» ብሎ አልጠየቀም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም እየሳቅሁ ነበር የማነበው። እስከ አንዲት ኮመንት ድረስ። የጻፋት የራሴ ተማሪ ነው፤ ዛሬ ስሙን የምትጠሩለት ጥሩ ቤዚስት ሆኗል። እንዲህ ይላል፦ «አውልቀው ወንድሜ። ጋሼ መጀመሪያ ያስተማሩን እሱን ነው።»

ጋሼ የተባልኩት እኔ ነኝ። ትምህርቱም የኔ ነው። ለዓመታት ተማሪ በመጣ ቁጥር ካቻቢቴ እያነሳሁ ያስተማርኩት ትምህርት ነው። ስህተት ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምቆጣው በእናንተ ላይ ብቻ አይደለም።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (ስለ ፈረንጆቹ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በነሱ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊዮ ፌንደር የሚባለው ሰውዬ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በምትባል ከተማ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት አይችልም። የሚችለው የተጫዋቾችን ብሶት ማዳመጥና መፍትሔ መሥራት ነበር። በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ሲያወጣ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች የሚሸከመው ኮንትራባስ ነበር፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ መኪና ላይ የማይጫን፣ መድረክ ላይ ደግሞ ከለፋህበት በታች የሚሰማ። ፌንደር እሱን አሳጥሮ፣ ፍሬት አስገብቶ፣ ፒክአፕ ገጥሞ በትከሻ የሚንጠለጠል አደረገው። እዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቃለን።

የማናስተውለው ቀጥሎ ያለውን ነው። ኮንትራባስ ሲመታ «ዱም» ብሎ ያበቃል። ድምፁ ክብ ነው፣ አጭር ነው። የብረት ክር በኤሌክትሪክ ሲጫወት ግን «ዱምምምምም» እያለ ይሄዳል፤ ቀጣዩ ኖታ መጥቶ እንኳ የቀደመው አይለቅም። ፌንደር ይሄን አይቷል። ስለዚህ ብሪጁን የሚሸፍነውን ክዳን ሲሠራ ከውስጥ በኩል ክሮቹ ላይ የሚያርፍ ለስላሳ ማፈኛ ለጠፈበት። ክዳኑን በብሎን ስታስሩ ማፈኛው ክሩን ጫን ይላል፤ ኖታው ያጥራል፣ «ዱም» ይላል። ይኸው ነው ምስጢሩ። ያ የምትስቁበት ብረት የተሠራው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በውስጡ ያለውን ነገር እንዲይዝ ነው።

መሀል ያለው ክዳንስ? እሱ የእጅ ማረፊያ ነው። ያኔ ብዙዎች ቤዝ የሚጫወቱት በአውራ ጣት ነበር፤ ለዚህም ነው የድሮዎቹ ፕሪሲዥኖች ከቀጭኑ ክር በታች ትንሽ የጣት መያዣ ያላቸው። አራቱ ጣቶች እሷን ይይዛሉ፣ አውራ ጣት ክሩን ይመታል። ሌላው ደግሞ መዳፉን ወይም ጣቶቹን ክዳኑ ላይ አሳርፎ በሌባ ጣቱ ይጫወታል። እጅ ማረፊያ ሲኖረው በየምሽቱ ያው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ያው ቦታ ላይ ሲያርፍ ድምፁም ያው ይሆናል።

«አንድ ጊዜ የተሞከረ፣ ያልሠራ ነገር ነው» የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም። ኧረ በፍጹም! በ1960 ጃዝ ቤዝ ሲወጣ ለእያንዳንዱ ክር ለብቻው ማፈኛ ተሠርቶለት ነበር። እሱ ውስብስብ ሲሆንባቸው ተዉትና ክዳኑ ውስጥ ስፖንጅ ወደመለጠፍ ተመለሱ። ሰውዬው በ1965 ፋብሪካውን ለሲቢኤስ ሸጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሚዩዚክ ማን ከተባለው ኩባንያ ጋር ሆኖ በ1976 ስቲንግሬይ ሲወጣ የክሮም ክዳኑ የለም፤ ብሪጁ ላይ ግን ለየክሩ ማፈኛ አለው። ልብ በሉ፣ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲሠራ ቢያንስ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ይባላል። እኛ ግን «መተርኮሻ» አልነው።

አሁን ወደ ዲትሮይት ልውሰዳችሁ። ጄምስ ጄመርሰን። ይሄን ስም የማያውቅ ተማሪ ካለኝ ዛሬውኑ ይደውልልኝ፣ የከፈለኝን እመልስለታለሁ። በሞታውን ስቱዲዮ፣ ተጫዋቾቹ «የእባብ ጉድጓድ» ብለው በሚጠሯት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የ1960ዎቹን የዓለም ዘፈን ከሥር ተሸክሞ ያቆመ ሰው ነው። ከኮንትራባስ የመጣ ነው። መሣሪያው የ1962 ፕሪሲዥን፣ ወፍራምና ለስላሳ ክር የታሰረበት፤ ክሩን ደግሞ ካልተበጠሰ አይቀይርም። የሚጫወተው በአንድ ሌባ ጣት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ጣቶቹ የክሮም ክዳኑ ላይ ያርፋሉ። የብሪጁ ክዳንም በቦታው ነው፤ ከሥሩ ስፖንጅ አለ።

አያችሁ? በዓለም ላይ በብዛት ከተገለበጡት የቤዝ ድምፆች አንዱ የተሠራው እናንተ «ከሱ ጋር መጫወት አይቻልም» ባላችሁት ብረት ነው። ከሱ ጋር ብቻ ሳይሆን በሱ ነው የተጫወተው። የሰውየው ስም እንኳ ከሞታውን ሥራዎች በአንዱ ላይ መጀመሪያ የታተመው በ1971፣ በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ነው። እስከዚያ ድረስ ዓለም ይጨፍርበታል፣ ማን እንደሚጫወት ግን አያውቅም።

አሁን ፍትሐዊ ልሁን። ተማሪዎቼ ስለሆናችሁ «ጋሼ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲይዛቸው…» እንደምትሉ አውቃለሁ።

ክዳኑን ያወለቁት ሰዎች ሁሉ ጅሎች አልነበሩም። ላሪ ግራሃም በአውራ ጣት እየጠለዘና በጣት እየሳበ ስላፕን ሲያመጣ ለእጅ ክፍት ቦታ ያስፈልግ ነበር። ጃኮ ፓስቶሪየስ ፍሬቱ በተነቀለ የ1962 ጃዝ ቤዝ፣ ብሪጁ አጠገብ ባለው ፒክአፕ ላይ እየተጫወተ ያንን የሚዘፍን ድምፅ አወጣ፤ በዚያ መሣሪያ ላይ የብሪጁ ክዳን የሚቀመጠው በትክክል ያ ፒክአፕ ላይ ነው፤ ክዳኑ ቢኖር ጃኮን አናውቀውም ነበር። ብሪጁን ለማስተካከልም ክዳኑ መነሳት አለበት። ላብ ከሥሩ ገብቶ ብሎን ያዝጋል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። «ጫጫታ ይከላከላል» የሚለውን ክርክርም እኔ አላነሳም፤ የፕሪሲዥን ፒክአፕ በ1957 ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ሃሙን ራሱ ያጠፋዋል።

ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ያወለቁት የሚፈልጉትን ድምፅ ስለሰሙ ነው። እኛ ያወለቅነው ሌላው ሲያወልቅ ስላየን ነው። ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ሰሞኑን ፋሽኑ ተገልብጧል። ወጣቱ አዲስ ቤዝ ይገዛል፤ ከዚያ ክሮም ክዳን ከኢንተርኔት ያዛል፤ ጤናማ እንጨት በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ይገጥማል፤ ፎቶ አንስቶ «ቪንቴጅ» ብሎ ይለጥፋል። ውስጡን ስታዩት ባዶ! ስፖንጅ የለ፣ ምን የለ። ሲጫወት ደግሞ እጁን የሚያሳርፍበት ስለማያውቅ ክዳኑ እየከለከለው ይሰቃያል። ላዩ መስታወት፣ ውስጡን ለቄስ። የሚጥለውም የሚገጥመውም ያየው ክሮሙን ብቻ ነው፤ ስፖንጁን ያየ የለም። ስለዚህ ለሁለታችሁም ነው የምናገረው። ስፖንጅ የሌለውን ክዳን የምትወዱ ከሆነ እሺ፣ ውደዱት፤ ግን ስለ ድምፅ አታውሩበት።

«ታዲያ ለኛ ምናችን ነው? እኛ ሞታውን አንጫወት» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ወደ ራሳችን እንምጣ።

ችክችካ ስትጫወቱ በምቶቹ መሀል ክፍተት አለ። ትከሻውን የሚያነሳው ያ ክፍተት ነው። ረጅም የቤዝ ኖታ ክፍተቱን ይሞላዋል፤ ከበሮው ይታፈናል፣ ጭፈራው ይከብዳል፣ ድራመሩ ይናደዳል፣ የሳውንድ ሰው ደግሞ ቤዙን ይቀንሳል። ከዚያ ቤዚስቱ «አልሰማም» ብሎ አምፑን ይጨምራል። በየሰርጉ የምናየው ጦርነት ይሄ አይደል እንዴ? በቁራጭ ስፖንጅ የሚፈታ ጦርነት!

ክር ማፈን ደግሞ ከፈረንጅ የመጣብን ነገር አይደለም። ክራር ሲገረፍ የግራ እጅ ጣቶች ሥራ ምንድነው? የማይፈለገውን ክር ማፈን ነው እኮ! ዜማው የሚወጣው ከታፈኑት መሀል የተለቀቀው ክር ሲሰማ ነው። በገናንም ተመልከቱ። ከክሩና ከብርኩማው መሀል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ያንን የሚያንዘረዝር ድምፅ የምታወጣው እሷ ናት። እንዚራ ማፈኛ አይደለችም፣ ሥራዋ ሌላ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው መጥቶ «ይሄ ቁራጭ ቆዳ ምን ያደርጋል?» ብሎ አውጥቶ ቢጥላት የበገና አባት ዝም ይለዋል? አይለውም። እኛ ግን ቤዙ ላይ ያደረግነው ይሄንኑ ነው።

አሁን እስካሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር።

የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንድ ተማሪ ነበረኝ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ቤቴ ሲመጣ ቤዙን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነበር፤ ሳጥን የለውም። የአባቱ ነው። ስሙ የተላጠ፣ ጃፓን ሠራሽ፣ የፕሪሲዥን ቅጂ። አባትየው በደርግ ጊዜ ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ሁለቱም ክዳኖች በቦታቸው አሉ፤ መሀለኛው ላይ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ክሮሙ ሳስቶ ከሥሩ ቢጫው ይታያል። ልጁ የሚጫወተው በአውራ ጣት ነው፤ አባቱ ናቸው ያሳዩት። ድምፁ አጭር ነው፣ ድብን ያለ ነው።

ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። «ይሄ መተርኮሻ ነው» አልኩት። ካቻቢቴ አንስቼ ሁለቱንም ፈታሁ። ከብሪጁ ክዳን ውስጥ የጠቆረ ስፖንጅ ነበረ፤ ስነካው እጄ ላይ ተፈረፈረ። ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። «አሁን ምታ!» አልኩት። መታ። ቤቱ ጮኸ። ልጁም ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ። ክዳኖቹን መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ቆራሌው ሰፈር ሲመጣ ከአሮጌ ብረት ድስት ጋር ተሸጡ። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልተሳሳተም፤ «ውሰደው» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከአንድ ወር በኋላ አባትየው መጡ። ኮት ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። «መምህር፣ ልጄን ስላስተማሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ቡና ቀረበ። ሲጨርሱ ቀስ ብለው፣ «ያቺን ክዳን ቢመልሱልኝ ብዬ ነበር» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ አዲሱ አጨዋወት፣ ስለ ሰስቴን፣ ስለ ስላፕ። ሰምተው ሲያበቁ ቤዙን ከልጃቸው ተቀበሉና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መዳፋቸው ሳያስቡት ወደ ለመደው ቦታ ሄደ። ክዳኑ የለም። መዳፋቸው ባዶ ክር ላይ ወደቀ፤ ክሩ ድርግም አለ። እጃቸውን አነሱ፣ አዩት፣ እንደገና አስቀመጡት። ከዚያ ቤዙን ለልጁ መልሰው፣ «ይሁን፣ የናንተ ጊዜ ነው» አሉ።

እኔም «እፈልግልዎታለሁ» አልኳቸው። የት እንደሄደ እያወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አግኝተውኛል። አልጠየቁኝም። ሰላም ብለውኝ አለፉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። ልጁ አሁን ውጭ አገር ነው፤ ይሄንን ገጽ ያነባል። ወንድሜ፣ የአባትህን ክዳን ቆራሌው ነው የወሰደው። የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ። ይሄን ለመናገር ሃያ ዓመት መፍጀት አልነበረበትም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ነው። አዲስ ድምፅ ላስተምር ብዬ ልጁ ይዞት የመጣውን ድምፅ አስጣልኩት። አስተማሪ ከሆናችሁ ስሙኝ፦ ተማሪ ይዞ የመጣውን ነገር ከመንቀልህ በፊት «ማን አሳየህ?» ብለህ ጠይቅ። አንዲት ጥያቄ ናት። እሷን ብጠይቅ ኖሮ አባቱን ቤቴ ጠርቼ እኔ ነበርኩ የምማረው።

አሁን ወደ ተግባር። ፎቶውን ለለጠፍከው ወጣት፣ እንዲሁም አሮጌ ቤዝ ቤታችሁ ላለ ሁሉ፦

1. ምንም ከመንካትህ በፊት ፎቶ አንሳ። ክዳኖቹ፣ ብሎኖቹ፣ የጣት መያዣው የት እንደነበሩ ይታይ።

2. ክዳኑን ፍታው፣ አዎ ፍታው፤ ውስጡን እይ። የድሮ ስፖንጅ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል። ፎቶ ካነሳህ በኋላ የተበላሸውን ጠርገህ በአዲስ ለስላሳ ስፖንጅ ተካው። የዕቃ ማጠቢያው ሻካራ በኩል አይሆንም፤ ለስላሳው ይሆናል።

3. ስፖንጁ ክሩን ይንካው እንጂ አይጨፍልቀው። በጣም ከተጫነ ኖታው ይሞታል፣ ቅኝቱም ይዛባል። ቀጭን ቆርጠህ ጀምር፣ ካነሰህ ጨምር።

4. ክሮሙን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረገው። አትፈትገው። እጅ ያሳሳውን ቦታ ደግሞ ተወው፤ እሱ የአጎትህ ፊርማ ነው።

5. አንድ ዘፈን ሁለቴ ቅዳ፤ አንዴ ከክዳኑና ከስፖንጁ ጋር፣ አንዴ ያለነሱ። በማግሥቱ ጠዋት አዳምጥ። ከዚያ ራስህ ወስን። ያለ ክዳኑ ከመረጥክ እኔ አልቆጣህም፤ ሰምተህ ነው የመረጥከው።

6. ካወለቅህ ደግሞ ክዳኑንም ብሎኑንም በአንድ ከረጢት አድርገህ ከጊታሩ ጋር አስቀምጥ። ነገ ልጅህ ይፈልገው ይሆናል።

ክዳን የሌለው ቤዝ ያላችሁ ደግሞ እንጨት መብሳት አያስፈልጋችሁም። ቁራጭ ስፖንጅ ብሪጁ አጠገብ ከክሮቹ ሥር አስገቡና በመጪው ቅዳሜ ሰርግ ላይ ሞክሩት። ድራመሩ ዞር ብሎ ካያችሁ ሠርቷል ማለት ነው።

ለዚያች ኮመንት ጸሐፊ፣ ለተማሪዬ፦ ልጄ፣ አልተቀየምኩህም። ያስተማርኩህን ነው የተናገርከው። አሁን ደግሞ ይሄንን ተማርና ሄደህ ኮመንትህን አስተካክል። እኔ የራሴን እያስተካከልኩ ነው።

በመጨረሻም፣ የድሮ የቤዝ ክዳን፣ ክሮሙ የተላጠም ቢሆን፣ ቆጥ ላይ ወይም መሳቢያ ውስጥ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። የምገዛው በቆራሌው ዋጋ አይደለም። የምልክለት ሰው አለኝ።

ሰላም ሁኑ።